ከእትዬ ስንዱ የደበቅነው ድምፅ

እትዬ ስንዱ ማረፋቸውን የሰማሁት ሲያትል አጠገብ ቱክዊላ፣ ከገበያ አዳራሹ ፓርኪንግ ውስጥ ሆኜ ነው። ዕቃዬን መኪና ላይ እየጫንኩ ነበር። የደወሉት ጋሽ ወርቁ ናቸው፤ የእድራችን ሰብሳቢ፣ የእትዬ ስንዱም የአክስት ልጅ። ሰላምታ እንኳ ሳይሰጡኝ «ራሄል፣ ስንዱ ዛሬ ጠዋት አርፋለች» አሉኝ። ወዲያው ደግሞ እንደ መቆጣት አሉ። «በይ እንግዲህ፣ እንደዚህ ንገሯት ብላ ነው። ቃል አስገብታኛለች። በስልክ፣ ወዲያው፣ ሰው ሳይሰበሰብ አለችኝ። እኔ በዚህ ዕድሜዬ እንዲህ ያለ ነውር ሠርቼ አላውቅም።» ይህን ብለው ዘጉት።

ነውር ማለታቸው አልገረመኝም። እኛ ዘንድ ሞት በስልክ አይነገርም። ሲያትል ከገባን በኋላ ብዙ ነገር ጥለናል፣ ይህን ግን አልጣልንም። ሰው ሲሞት ዘመዱ መጨረሻ ላይ ነው የሚሰማው። በቅድሚያ እድርተኛው ይሰማል፣ የሥራ ሺፍት ይጠያየቃል፣ ማን ምግብ እንደሚያመጣ ይወሰናል። ከዚያ ገና ሳይነጋ ሁሉም መኪናውን ሁለት መንገድ ርቆ ፓርክ ያደርጋል፤ ሐዘንተኛው በመስኮት አይቶ እንዳይጠረጥር። በሩ የሚንኳኳው ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። እትዬ ስንዱ ለእኔ ይህ እንዳይደረግ ለምን እንዳዘዙ የማውቀው እኔ ነኝ፤ ጋሽ ወርቁም ያውቁታል፣ ቢጠየቁ ግን አያውቁም።

ስድስት ዓመት አብረን ሠርተናል። ሾርላይን ውስጥ ስድስት አረጋውያን የሚጦሩበት አንድ መኖሪያ ቤት አለ፤ እኛ ሆሙ እንለዋለን። እናጥባለን፣ እናበላለን፣ መድኃኒት እንሰጣለን፣ አልጋ እናነጥፋለን። እኔ ስቀጠር እትዬ ስንዱ እዚያ ከገቡ አሥራ ሦስት ዓመት ሆኗቸው ነበር። አጭር ናቸው፤ እጃቸው ግን የትልቅ ወንድ እጅ ነው። እጅጌያቸውን ሳይሰበስቡ አይቼ አላውቅም፣ ቤተ ክርስቲያን ሲመጡ እንኳ ክርናቸው ድረስ ሰብስበው ነው። ምሳቸውን ቆመው ነው የሚበሉት። መኪና ይነዳሉ፣ ሃይዌይ ግን አይወጡም። ኤቨረት ከተማ ድረስ ለቅሶ ሲሄዱ በየመብራቱ እየቆሙ በውስጥ መንገድ ይሄዱ ነበር፤ ከሄድነው ሁሉ መጨረሻ ይደርሳሉ፣ ግን ከሁላችን በኋላ ይወጣሉ።

አንድ አባባል ነበራቸው። «የኔን ነገር መጀመሪያ ለኔ።» ሐኪም ቤት ውስጥ አስተርጓሚው ወደ እኔ ዞሮ ስለ ደም ግፊታቸው ማውራት ሲጀምር አገጩን ይዘው ወደ ራሳቸው አዞሩት። «የኔን ነገር መጀመሪያ ለኔ» አሉት። ልጁ እስከ ዛሬ ሲያየኝ አገጩን ይዳስሳል።

ይህ ነገራቸው በሥራ ላይ ያስቀየመኝ ጊዜ ነበር። ሚስተር ሃሮልድ የሚባሉ የዘጠና አንድ ዓመት ሽማግሌ ነበሩን። ማስታወስ አይችሉም። ሁልጊዜ ከሰዓት በኋላ ኮታቸውን ለብሰው በር ላይ ይቆሙና «ባለቤቴ መጣች?» ይላሉ። ባለቤታቸው ከሞተች ቆይታለች። የቤቱ ባለቤት «ሱቅ ሄዳለች፣ ትመጣለች በሏቸው» ብላ አዛናለች፣ እኔም እንደዚያ እላለሁ፣ ሽማግሌውም ደስ ብሏቸው ይቀመጣሉ። እትዬ ስንዱ ግን በዚያች በምትሰባበር እንግሊዝኛቸው «ሃሮልድ፣ ሚስትህ ሞታለች። እኔ አለሁ» ይሏቸዋል። ሽማግሌው ልክ ያን ቀን እንደ ሰሙት ያለቅሳሉ። እትዬ ስንዱ ኮታቸውን ያወልቁላቸውና እጃቸውን ይዘው ለቅሶው እስኪያልቅ አብረው ይቀመጣሉ። በማግሥቱም እንደዚያው።

«እትዬ፣ ይሄ ጭካኔ ነው» አልኳቸው አንድ ቀን። «ምን ይጠቅማቸዋል?»

«ምንም አይጠቅመውም» አሉኝ። «ግን ሚስቱ ናት። ለቅሶው የሱ ነው፤ አንቺ ምን ቤት ነሽና ትከለክይዋለሽ?»

ከዚያ የእናታቸውን ነገሩኝ። እናታቸው አዳማ ሲሞቱ እትዬ ስንዱ አሜሪካ ከገቡ ገና ሁለት ዓመታቸው ነበር፣ ብቻቸውን ነበሩ። ታናሽ ወንድማቸው ግርማ፣ በእጃቸው ያሳደጉት፣ ለስምንት ወር ደበቃቸው። ሲደውሉ እማዬ ተኝታለች፣ እማዬ ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች ይባላሉ። «ስምንት ወር ሙሉ ለጤናዋ ጸለይኩ» አሉኝ። «ከፈን ውስጥ ላለች ሴት ፈውስ እየለመንኩ ከረምኩ። ለነፍሷ አንድ ቀን አልጸለይኩም።» ሲሰሙ ግርማን አንድ ዓመት አኮረፉት። ሲታረቁ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁት፤ ክፉም ይሁን ደግ ዳግመኛ እንዳይደብቃቸው በእናታቸው አፅም አስማሉት። ማለላቸው።

አሁን እትዬ ስንዱን ይዘን ወደ ሄድነው ጉዞ ልምጣ። አብራን የምትሠራ ማሪሳ የምትባል ፊሊፒናዊት ነበረች፤ ጨዋታ አዋቂ ናት። እትዬ ስንዱን «አቴ» ትላቸዋለች፤ በእነሱ አገር ታላቅ እህት ማለት ነው። በየዓመቱ እናቷ ጋ ስትሄድ ነይ እንሂድ ትላቸዋለች፣ እሳቸውም በየዓመቱ ይስቃሉ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቫኬሽን ወስደው አያውቁም። አንድ ዓመት ግን ትከሻቸውን አሟቸው ሐኪም ሥራ ከለከላቸው። ማሪሳ በአንድ በኩል እኔ በሌላ በኩል ይዘን ወጠርናቸው። እሺ ሲሉን የጠየቁት ቀኑን ብቻ ነው። ፋሲካ አልፎ፣ ጾም በሌለበት በሃምሳው ቀን ውስጥ ይሁን አሉ፤ ሰው ቤት ሄጄ የቀረበልኝን አልበላም ማለት አልፈልግም ብለው።

የማሪሳ አገር ምሥራቅ ሳማር ይባላል። ከማኒላ ሌላ አውሮፕላን፣ ከዚያ ደግሞ ተራራ እያቋረጠ የሚሄድ ቫን ይዘን አራት ሰዓት ተጓዝን። ቱሪስት የሚባል የለም። እኛን ለማየት ሕፃናት ከየቤታቸው ወጡ። ቤቶቹ ከባሕሩ ጋር ፊት ለፊት ተቀምጠዋል፤ መንገዱ ዳር የተከፈለ ኮኮናት ፀሐይ ላይ ተሰጥቷል፣ ሽታው ልብስ ላይ ይቀራል። አንድ ጊዜ ትልቅ አውሎ ነፋስ መትቷቸው ስለነበር ኮረብታው ላይ አናታቸው የተቆረጠ የኮኮናት ግንዶች እስካሁን ቆመዋል። ማሪሳ በጣቷ እያሳየች በዚያ ነፋስ ከሠፈሩ ማን ማን እንደሞተ ነገረችን። እናቷ የሚኖሩበት ቤት ከዚያ በኋላ በሲሚንቶ የተሠራ ነው፣ መስኮቶቹ ትንንሽ ናቸው።

እትዬ ስንዱና የማሪሳ እናት አንድም ቃል አይግባቡም። በሁለተኛው ቀን ግን ሁለቱም በርጩማ ላይ ቁጭ ብለው ዓሣ ያጸዳሉ፣ አንዳቸው በአማርኛ አንዳቸው በራሳቸው ቋንቋ ያወራሉ። ዓሣ አጥማጆቹ ግራና ቀኝ የቀርከሃ ክንፍ ያላቸውን ጀልባዎች ሲጎትቱ እትዬ ስንዱ ሄደው ገመድ ይይዙላቸው ነበር። የታመመ ትከሻቸውን እንዲጠብቁ ብለምናቸው «ማንም አላዘዘኝም እኮ፣ በራሴ ነው» አሉኝ። ቁጭ ብለው ሲበሉ ያየኋቸው እዚያ ነው።

የእሳቸው ስልክ እዚያ አይሠራም። ማኒላ ኤርፖርት ላይ የስልክ ካርድ የገዛሁት እኔ ነኝ። «ለግርማ ያንቺን ቁጥር ልኬለታለሁ፣ የሆነ ነገር ካለ በቫይበር ኮል ያደርጋል» አሉኝ። ኔትወርክ ደግሞ ቤቱ ጋ የለም። የሠፈሩ ትንሽ ጸሎት ቤት አጠገብ ካለው የድንጋይ ግንብ ላይ ሲወጣ ብቻ ነው የሚይዘው። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ብቻዬን ወደ ግንቡ እሄዳለሁ። ማክሰኞ ጠዋት ጋሽ ወርቁ ደወሉ።

«ራሄል፣ ስንዱ አጠገብሽ ናት?»

«የሉም። ምነው በደህና?»

«ኦኬ፣ ስሚኝ። ግርማ ልቡን አሞት ሆስፒታል ገብቷል። ሚስቱ ደውላልኝ ነው። ነገሩ ቀላል አይደለም።»

«ሶ ልንገራቸው?»

«አብደሻል? ዘመድ በሌለበት፣ የሰው አገር ባሕር ጠርዝ ላይ? ብትወድቅ ማን ያነሳታል? አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያላረፈች ሴት ናት። የቀራትን ቀን ትረፍ። ስትመጣ በወጉ እንነግራታለን።»

«ግን በስልክ ቢያገኙት እኮ…»

«ስታለቅስ ይሰማል። ልቡ ነው የታመመው። ልጄ፣ እኔ በዚህ ከተማ ስንት ሰው አርድቻለሁ። እኔን ስሚኝ።»

እሺ አልኩ። ለምን እሺ እንዳልኩ ለራሴ ብዙ ምክንያት ስሰጥ ኖሬያለሁ። ትልቅ ሰው አዝዞኝ ነው፣ ወጋችን ነው፣ ለእሳቸው አዝኜ ነው። ሁሉም ትንሽ ትንሽ እውነት አለው። ግን እኔም ከሁለት ሥራ አምልጬ የመጣሁባት ዕረፍት እንዳትበላሽ ፈርቼ ነበር። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ሐሙስ ጠዋት ግንቡ ላይ ስወጣ ከግርማ ስልክ የድምፅ መልእክት ገብቷል። ጋሽ ወርቁ ሳያውቁ፣ ሚስቱም ወጣ ስትል ጠብቆ የላከው ይመስለኛል። ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ ሰማሁት። በየቃሉ መሀል ይተነፍሳል።

«ስንዱዬ፣ እኔ ነኝ። አሞኛል። ሐኪሙ ለነሱ ነው የሚነግራቸው፣ እኔ ግን አውቄዋለሁ፣ አልተርፍም። እነሱ አትንገራት ይሉኛል። እንዳልደብቅሽ ምዬልሽ የለ? ይኸው ነገርኩሽ። ስትሰሚው ደውይልኝ። እጠብቅሻለሁ።»

ሁለት ጊዜ ሰማሁት። ግንቡ ላይ ተቀመጥኩ። ከዚያ ለጋሽ ወርቁ ደወልኩ። ነገርኳቸው። ያን ጊዜ ሂጂና አሰሚያት ቢሉኝ እየሮጥኩ እሄድ ነበር። «የታመመ ሰው ብዙ ይላል» አሉኝ። «ሁለት ቀን ነው የቀራችሁ። ደርሳ አታድነው። እንዳታሰሚያት፣ ኃላፊነቱን እኔ እወስዳለሁ።» ኃላፊነቱን የሚወስድልኝ ሰው በማግኘቴ ቅልል አለኝ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ እውነትም ቅልል ነው ያለኝ።

ስመለስ እትዬ ስንዱ ቀሚሳቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰብስበው ውሃው ጠርዝ ላይ ቆመዋል። «ነይ ያዥኝ፣ ልገባ ነው» አሉኝ። በሕይወታቸው ባሕር ውስጥ ገብተው አያውቁም። እጃቸውን ያዝኩ። ማዕበሉ ሲመጣ ይጮኻሉ፣ ሲመለስ ይስቃሉ። ውሃው ወገባቸው ሲደርስ ቀሚሳቸው እላይ ተንሳፈፈ፤ በአንድ እጃቸው ወደ ታች እየደፈቁት ሳቁ፣ የማሪሳ እናት ከዳር ሆነው ሳቁ፣ ጀልባ የሚጠግኑት ሰዎች ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ስልኩ ከነቦርሳዬ አሸዋው ላይ ነበር። «ግርማ ባየኝ» አሉኝ ፊታቸውን እየጠረጉ፣ «ሕፃን ሆኖ ገንዳ ውስጥ ሳጥበው እንደዚህ ነበር የሚጮኸው።»

ግርማ ቅዳሜ ሞተ። ጋሽ ወርቁ በጽሑፍ ላኩልኝ፤ በእኔ ላይ ሲሆን ጽሑፍም ይበቃል። ሰኞ እስክንገባ ድረስ በሦስት አውሮፕላን አጠገባቸው ተቀምጬ ሄድኩ። ለግርማ ልጆች በዛጎል የተሠራ የአንገት ጌጥ ገዝተው ነበርና በየመሀሉ እያወጡ ያሳዩኛል። ያምራል እላለሁ። ሲተኙ ሽንት ቤት ገብቼ አለቅሳለሁ። ሲነቁ ዓይኔን አይተው «ይሄ የአውሮፕላን አየር አይስማማሽም» ብለው ጠብታ ሰጡኝ።

ማክሰኞ ሳይነጋ እቤታቸው ሄድን። አሥራ አንድ ሰው ነን፣ ያካፋል። መኪናዎቹ ሁለት መንገድ ርቀው ቆመዋል። እትዬ ስንዱ በሩን የከፈቱት የማሪሳ እናት የሰጧቸውን ቢጫ ቀሚስ ለብሰው ነው። ጋሽ ወርቁ ስለ እግዚአብሔር ፈቃድ መናገር ሲጀምሩ እትዬ ስንዱ አቋረጧቸው።

«ግርማ ነው» አሉ። ሴቶቹ ጩኸት ጀመሩ። እሳቸው ግን አልጮኹም። «መቼ?» አሉ። «ወርቁ፣ መቼ?»

«ቅዳሜ» አሉ ጋሽ ወርቁ መሬት መሬት እያዩ።

እትዬ ስንዱ ሰዉን አንድ በአንድ አዩ። ከኋላ ተደብቄ የቆምኩት እኔ ጋ ሲደርሱ ቆሙ። ሁሉም እያለቀሰ ነበር፤ እኔ ግን የድንጋጤ ፊት አልነበረኝም፣ ሦስት ቀን ያለቀሰ ሰው ፊት ነበረኝ። ያን ጊዜ ነው ደረታቸውን የመቱት።

በሳምንቱ ሥራ ተመለሱ። ከእኔ ጋር አልተጣሉም። አልጋ አብረን እናነጥፋለን፣ ስለ መድኃኒት ሰዓት እናወራለን። ልጄ ይሉኝ የነበረው ግን ቀረ፣ ራሄል ይሉኛል። እኔ ይቅርታ ልጠይቅ ስንት ቀን ኩሽናው በር ላይ ቆሜ ተመልሻለሁ። እንደዚህ ሁለት ወር ሄደ። አንድ ቀን ከሰዓት ሚስተር ሃሮልድን አስለቅሰው፣ አባብለው፣ አስተኝተው መጡና ሳህን የማጥብበት ቦታ አጠገቤ ቆሙ።

«ትናንት ከግርማ ሚስት ጋር አወራሁ» አሉ። «ድምፅ ልኮልኝ ነበር አለችኝ። ስልኩን ደረቱ ላይ አድርጎ ሁለት ቀን ጠበቀሽ አለችኝ። ስልኩን ልትወስድበት ስትል እጇን ያዛት። ድምፁ አለሽ?»

እጄን በልብሴ ጠርጌ ስልኬን ሰጠኋቸው። ማጥፋት አልቻልኩም ነበር። ኩሽናው ውስጥ ቆመው፣ እጅጌያቸውን እንደሰበሰቡ፣ እስከ መጨረሻው ሰሙት። ደግመው አልከፈቱትም።

«መቼ ነው የደረሰሽ?»

«ሐሙስ።»

«ሐሙስ መቼ?»

«ጠዋት፣ እትዬ።»

«ባሕር ከመግባቴ በፊት ነው?»

«አዎ።»

«ሰምተሽው ነው እጄን የያዝሽኝ?»

«አዎ» አልኩ። እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል በዚያ ትልቅ እጃቸው ክንዴን ይዘው አስቀሩኝ። ቁጣ ፈልጌ ፊታቸውን አየሁ፣ ቁጣ አልነበረም።

«ደስ ይበላት ብላችሁ ነው፣ አውቃለሁ» አሉኝ። «እዚህ አገር ከመጣሁ ደስ ያለኝ አንድ ቀን ነው፣ እሱም ያ ሐሙስ ነበር። አሁን ያን ቀን ባሰብኩት ቁጥር እሱ ስልክ ይዞ ይጠብቀኛል፣ እኔ እስቃለሁ። እሱን ለእኔ አላቆያችሁልኝም፣ ራሄል። ያቺንም አንዲት ቀን ወሰዳችሁብኝ።»